የእማዬ ኢንሱሊን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ

እማዬ ስኳር አለባት። ኢንሱሊን ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። ጠዋትና ማታ የምትወስደው በብልቃጥ የሚመጣውን ነጭ ደፍራሽ፣ ኤንፒኤች የሚባለውን ነው። የምወጋት እኔ ስለሆንኩ ስለ መድኃኒቱ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። መርፌ ፈርታ አይደለም። አንዷ ጎረቤታችን «ከአሳማ ነው የሚሠሩት» ብላት ነው። በጾም በጸሎት ለኖረች ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤቷም አልዋሸችም፤ ድሮ ኢንሱሊን የሚወጣው ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር። ኢንሱሊን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ የአሳማው ከሰው በአንድ አሚኖ አሲድ ይለያል፣ የከብቱ በሦስት።

ካርቶኑን አምጥቼ «አርዲኤንኤ» የሚለውን አሳየኋት፤ ዘረ መል ቀጥለው የሠሩት ማለት ነው። የሰው ኢንሱሊን የሚሠራበትን ዘረ መል ላብራቶሪ ውስጥ ያዘጋጁና ፕላስሚድ የምትባለውን ክብ ዲኤንኤ በኢንዛይም ቆርጠው እዚያ ላይ ይቀጥሉታል፣ ከዚያ ኢኮላይ የምትባል ባክቴሪያ ወይም እርሾ ውስጥ ይከቱታል፣ ያቺ ፍጥረት በተራባች ቁጥር የኢንሱሊን መሥሪያው ትእዛዝም አብሯት ይራባል፣ እሷም ኢንሱሊኑን ትሠራለች። አሳማ የለበትም። እርሾ ስላት ፊቷ በራ። ጠላ ጠማቂ ናት። «እንደ ጥንስስ ነዋ!» አለችኝ። አዎ እማ፣ በትልቅ ጋን አፍልተው ኢንሱሊኑን አጣርተው ያወጡታል። በዚህ መንገድ መሥራት የተቻለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካ ለሕመምተኞች እንዲሸጥ የፈቀደችው በ1982። 51ዱም አሚኖ አሲድ ልክ የሰው ነው። በማግስቱ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

መድኃኒቱ ጥሩ ነው። ስኳሯ ተረጋግቷል፣ የተወጋችበት ቦታ አብጦ አያውቅም። የሚያስቸግረው አያያዙ ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ አለቀለት። መብራት ሲጠፋ እኛ ቤት እርጥብ ሸክላ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ ላስቲክ ጠቅልለን።

አንዴ ከአንድ ፋርማሲ የገዛሁት ብልቃጥ በመዳፌ ባሽከረክረው ባሽከረክረው ታቹ እየጓጎለ አልዋሃድ አለ። መልሼ ስወስደው «ምንም አልሆነም» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። የእናቴ ሕይወት ነው እኮ! ጣልኩት፣ ሌላ ቦታ ሄጄ በድጋሚ ከፈልኩ።

ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ ከፍሪጅ ሲያወጡት እዩ። ቀኑን አንብቡ። ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት፣ አትናጡት፤ ወተት መስሎ እኩል ካልደፈረሰ ገንዘባችሁን አትስጡ።