ማስጠንቀቂያ፦ «አበባ አድርቁ፣ እኛ እንገዛለን» የሚለውን ውል ሳታዩ አትፈርሙ

ሐዋሳና ዙሪያዋ፣ በቱላና በወንዶ ገነት በኩልም ጓሮ ያላችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ስታቲስና ሄሊክሪሰም የሚባሉ፣ ለጌጥ የሚደርቁ አበቦች ዘር ከማድረቂያ ድንኳን ጋር አንድ ላይ ይሸጣል፤ የደረቀውን አበባ በኪሎ መልሰን እንረከባለን የሚል ውልም ይያያዛል። አበቦቹ ላይ ችግር የለም፣ ሁለቱም ለማድረቅ የተፈጠሩ ናቸው። ተንኮሉ ድንኳኑ ውስጥ ነው።

ድንኳኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፣ አየር ማስወጫም የለውም። አበባ ደግሞ ፀሐይ እየመታው ሲደርቅ ቀለሙ ይለቃል። ከአበባው የሚወጣው እርጥበት መሄጃ ስለሚያጣ ሌሊት ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ ሻጋታው ከእስሩ መሃል ስለሚነሳ ከውጭ አይታይም። በክረምት፣ ያውም ሐይቁ አጠገብ፣ ይብሳል። አሁን ውሉን ግለጡት፦ ቀለሙ የለቀቀ ወይም እርጥበት ያለው አበባ አንረከብም ይላል። የሸጡላችሁ ድንኳን ራሱ ምርታችሁን ውድቅ ያደርግላቸዋል! እነሱማ ሒሳባቸውን በዘሩና በድንኳኑ ዘግተዋል።

«10 ኪሎ እርጥብ 5 ኪሎ ደረቅ ይወጣዋል» ካሏችሁም አትመኑ። ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቢወጣው ነው፣ የቀረው ውሃ ነው።

የሄሊክሪሰም ዘር በጣም ደቃቅ ነው፣ 1 ግራም ውስጥ ከ1,000 ፍሬ በላይ አለ። ስለዚህ ለአንድ ጓሮ «50 ግራም ያስፈልጋል» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል። ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሱት፣ ጫን ጫን ብቻ አድርጉት። እሽጉ ላይ የምርት ቀንና የመብቀል መቶኛ ከሌለ መልሱት።

አጨዳው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሄሊክሪሰም ከተቆረጠ በኋላም መፈንዳቱን ስለማያቆም የውጭዎቹ 2 ወይም 3 የአበባ ቅጠል ረድፎች እንደተከፈቱ፣ መሃሉ እንደተዘጋ ይቆረጣል፤ ከዘገየ መሃሉ ተፈልቅቆ ይበናል። ስታቲስ ግን በተቃራኒው ነው፣ አብዛኛው ሳይፈነዳ ከተቆረጠ ይጠወልጋል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ቁረጡ፣ ቅጠሉን አራግፉ፣ ከ8 እስከ 10 ዘንግ በብር ላስቲክ እሰሩ (ዘንጉ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ገመድ ይላላል)፤ ከዚያ ጨለማና ነፋሻ ክፍል ውስጥ ቁልቁል ስቀሉ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይበቃዋል። ዘንጉ ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተጠራጠራችሁ አንዱን ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ አሳድሩት፤ ጠዋት ብርጭቆው ላብ ከያዘው ገና ነው።

እንፈርማለን ካላችሁ እርጥበቱ በምን መሣሪያ፣ የት፣ በማን ፊት እንደሚለካና የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ይህን ከጠየቃችሁ በኋላ ስልክ ማንሳት ካቆሙ ብራችሁ ተርፏል።

ድንኳኑን ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ ጫፍና ጫፉን ከላይ ቅደዱት፣ የግርጌውን ፕላስቲክ አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ ጠቅልሉት፣ ከላይ ጥቁር ጨርቅ አልብሱት። በበጋ ያገለግላል።