የቱታ ፌሮሞን ወጥመድ፦ ይቆጥራል እንጂ አይጨርስም

ቱታ ቲማቲም የሚያጠቃ የእሳት እራት ነው። የወጥመዱ ሻጭ «የእሳት እራቱን ይጨርሳል» ካለዎት ግማሹን ብቻ ይመኑ። አዳማ ባሉ የእርሻ ግብዓት ሱቆች የሚገኘው የቱታ ማጥመጃ የሴቷን ጠረን (ፌሮሞን) የያዘች፣ ውሃ ካለበት ሳፋ በላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ጎማ ናት፤ የምትስበውም ወንዶቹን ብቻ ነው። ቲማቲሙ ላይ እስከ 260 እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ወደ ወጥመዱ ዝር አትልም።

ወንዱን መቀነስ ለምን አይበቃም ቢሉ፣ ለመንጋ ላም አንድ ኮርማ ይበቃ የለም? የቱታ ወንድም በዕድሜው በአማካይ 6 ጊዜ ያህል ከሴት ይገናኛል፤ በየጊዜው ዘሩን በትንሽ ከረጢት ቋጥሮ ለሴቷ ያስረክባል። ከ100 ወንድ 80ው ሳፋው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ቢሞትም፣ የተረፉት 20 እያንዳንዳቸው 5 ሴት ካገኙ 100ውም ሴት ይዳረሳል። ላብራቶሪ ውስጥማ ያለ ወንድ የወለዱ የቱታ ሴቶችም ታይተዋል።

ለክትትል ግን ወደር የለውም። ችግኝ እንደተተከለ በሄክታር ከ2 እስከ 4 ሳፋ ይበቃል፤ በብዛት ለማጥመድ ከ20 እስከ 25 ያስፈልጋል፣ ያም የሚያዋጣው መረብ በለበሰ ግሪንሀውስ ነው። ክፍት በሆነው የወንጂና የቆቃ ማሳ ከጎረቤት የሚገባውን ማን ይከለክለዋል?

ሳፋው መሬት ላይ ወይም ከ40 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ከፍታ ይቀመጥ። ውሃው ላይ ጥቂት የሳሙና ዱቄት ወይም ዘይት ጠብ ይበል፤ አለዚያ እሳት እራቱ ተንሳፎ ይነሳል። ጎማዋ ከውሃው ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብላ ትንጠልጠል፤ ከነካች ጠረኗ ይጠፋል። የአዳማ ፀሐይ ውሃውን ስለሚያተን በየ2 ቀኑ ይሞላ። ጎማዋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታገለግላለች፤ በሙቀት ወር በ4ኛው መቀየር ይሻላል። አሮጌዋን ማሳ ውስጥ መጣል ወንዶቹን ከሳፋው ያዘናጋል።

ቁጥሩ በድንገት ሲያሻቅብ ቅጠል ማገላበጥ ነው። እንቁላሉ ከ4 እስከ 5 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል፣ መድኃኒት መርጨት ካስፈለገ እጩ (ትሉ) ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ ሳይገባ ነው። ባዶ ሳፋ ግን ማሳው ንጹህ ነው ማለት አይደለም፤ ጎማዋ አርጅታም ሊሆን ይችላል።

ሳፋና ሽቦ ቤት ካለ ጎማዋን ብቻ ይግዙ። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታት የከረመች ከሆነ ይለፏት፤ ፍሪጅ ውስጥ ከሚያስቀምጥ ሱቅ ጥቂት ብር ጨምሮ መግዛት ይሻላል።