በ2,000 ብር አምስት ዘንግ የተቆረጠ አበባ ገዛሁ

ለግቢያችሁ ጽጌረዳ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። እኔ ተበልቻለሁ።

ፋሲካ ሊደርስ ሰሞን ነው። እማዬ ከበሩ ጀምሮ በረድፍ የተተከለ፣ አበባው ትልልቅ የሆነ ጽጌረዳ ስትመኝ ዓመታት ሆኗታል። አንድ ቅዳሜ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ አየሁ። ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ የቆሙ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ። እምቡጣቸው የሕፃን ጭብጥ ያህላል። «የሆላንድ ነው የኔ እህት፣ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚያብብልሽ» አለኝ። 500 ጠርቶ 400 ላይ ተስማማን። አምስት ወሰድኩ። «የደረቀ እንዳይሆን» ስለው ግንዱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ አረንጓዴውን አሳየኝ። እኔም ረካሁ። ሞኝ!

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር። እምቡጦቹ ፈኩ፣ እማዬ ጎረቤት እየጠራች አሳየች። በሁለተኛው ሳምንት አንገታቸውን ደፉ። ውሃ ጨመርን። ቅጠላቸው ረገፈ። ውሃ ቀነስን። በመጨረሻ አንዱን ያዝ አድርጌ ሳብ ባደርገው ሳይታገለኝ ወጣ። ሥር የለውም። ፀጉር የምታህል እንኳ የለችውም። ጫፉ በመቀስ በሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን አፈር ውስጥ የነበረው ክፍል እሾሁ ተልጦ ልሙጥ መሆኑ ነው። የችግኝ እሾህ ማን ይልጣል? እንዲህ የሚላጠው እቅፍ የሚሠራበት አበባ ነው። የቀሩትን አራቱን ነቀልኳቸው። ሁሉም ያው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሆለታ፣ ሰበታና ዝዋይ አካባቢ ያሉት እርሻዎች ጽጌረዳ የሚያመርቱት ለውጭ ገበያ ነው። ወደ ውጭ ያልሄደው ከተማ ገብቶ ይሸጣል፤ በዚህ ምንም ነውር የለም። ነውሩ ዘንጉን አፈር ላይ ሰክቶ «ችግኝ» ማለቱ ላይ ነው። የተቆረጠ ጽጌረዳ ውሃ ካገኘ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይጠወልግ ይቆያል። እርጥብ አፈርም ለጥቂት ቀን ያቆየዋል። ስለዚህ ያ በጥፍር የመጫር ነገር ምንም ማስረጃ አይደለም። አረንጓዴ የሆነው ገና ስላልሞተ ነው፣ ሥር ስላለው አይደለም።

«ታዲያ ጽጌረዳ በቁራጭ ይበቅል የለ እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይበቅላል። እናቶቻችን ከጎረቤት ቀንበጥ ወስደው ነው ግቢ የሞሉት። ግን እነሱ አበባውን ቆርጠው ይጥላሉ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ግንድ ይወስዱና ላዩ ላይ አንድ ሁለት ቅጠል ትተው ጥላ ያለበት እርጥብ አፈር ላይ ይተክላሉ። ከዚያ ወር ከምናምን፣ አንዳንዴም ሁለት ወር መጠበቅ ነው። ትልቅ እምቡጥ ተሸክሞ የተሰካ ዘንግ ያለችውን ጉልበት አበባው ላይ ይጨርሳል። ከመቶ አንዱ ዕድል ቀንቶት ቢበቅል እንኳ፣ ላስቲክ ቤት ውስጥ በእንክብካቤ እንዲያድግ የተመረጠ ዝርያ ከአዲስ አበባ ክረምት ጋር አይስማማም። ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይሻግታል።

ስትገዙ አበባውን አትዩ። እኔን የበላኝ አበባው ነው። ፕላስቲኩን አንሱና ታቹን እዩ፤ ቆየት ያለ ችግኝ ከሆነ በቀዳዳዎቹ ነጫጭ ሥር ብቅ ብቅ ይላል። ካልታየ ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ችግኝ ከሆነ አፈሩ አብሮ ይነሳል፣ ዘንግ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሻጩ «አትንኪው ይሞታል» ካለ ሒሳቡ ግልጽ ነው፣ ሂዱ። ቀይ ቀይ የሚል አዲስ ለጋ ከግንዱ ታች ቢያቆጠቁጥ ጥሩ ነው። የተዳቀለ ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም ቀንበጡ በሌላ ጽጌረዳ ግንድ ላይ ተጣብቆ ያደገ ከሆነ፣ አፈሩ አጠገብ ጉልበት የመሰለ እብጠት ታያላችሁ። ከእብጠቱ በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ የገዛችሁት ጽጌረዳ አይደለም፤ የተዳቀለበት የዱር ዘመዱ ነው፣ እንደኛ ቀጋ ማለት ነው። ዝም ካላችሁት ዋናውን ይውጠዋል። ከመነሻው ገንጥላችሁ ጣሉት።

በቴሌግራም «የሰማያዊ ጽጌረዳ ዘር» የሚሸጡትንማ ተዉት። ጽጌረዳ ሰማያዊ ቀለም የሚሠራበት ነገር በተፈጥሮው የለውም። ሰንቶሪ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በዘረመል ምህንድስና ሞክሮ በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ በ2009 ለገበያ ያቀረበው አበባ እንኳ ሰማያዊ ከማለት ፈዛዛ ወይን ጠጅ ማለት ይቀላል። አበባ ቤት የምታዩት ጥርት ያለ ሰማያዊ ነጭ አበባ ቀለም ተነክሮ ወይም ቀለም ጠጥቶ ነው። ደግሞ ትልልቅ አበባ ያለው ጽጌረዳ ከዘር እናቱን መስሎ አይወጣም። በ1867 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የወጣው ላ ፍራንስ የተባለው ጽጌረዳ እስከ ዛሬ የኖረው በዘር አይደለም፣ በቀንበጥና በማዳቀል ነው። ከቴሌግራሙ ዘር ምን እንደሚበቅል እንጃ። ጎመን ከሆነላችሁ አትርፋችኋል።

አምስቱን ዘንግ በፌስታል ይዤ ልጁ ጋ ተመለስኩ። «ውሃ አብዝተሽ ነው እህቴ» አለ ገና ሳያያቸው። ልሙጡን ጫፍ አሳየሁት። «እኔም ከሰው ነው የማመጣው» አለ። በማግሥቱ ሊመልስልኝ ቃል ገባ፤ በማግሥቱ የለም። ስልኩም አይሠራም። እማዬ ምንም አላለችኝም። ከታላቅ እህቷ ግቢ የድሮውን ሮዝ ጽጌረዳ ቀንበጥ አስመጥታ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ተክላለች፣ በነፃ።

ልጁ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን አንዲት እናት የቃሪያ ችግኝ ይሸጣሉ። ባለፈው አንዱን አንስቼ ታቹን አየሁ። «ምን ጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ። ሥር አለው። ስድስት ገዛሁ።