እማየ «እኔን!» ያለችለት ሮቦት

ባሕር ዳር አንድ የልጆች መጫወቻ ቤት ሮቦት አመጣ ሲባል፣ ልጄንና ከሞጣ የመጣች እናቴን ይዤ ቅዳሜ ሄድሁ። ግማሽ ሰዓቱ ለአንድ ልጅ 200 ብር ነው። ትልቅ ሰው አይከፍልም።

ሮቦቱ ናኦ ይባላል፤ መነሻው ፈረንሳይ ነው። ቁመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአምስት ዓመት ልጄ ወገብ ብዙም አያልፍም። ማነሱ ጠቅሞታል። ልጆቹ አልፈሩትም። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ እናቷ ነጠላ ውስጥ ተደብቃ ቆየች። ቁጭ ሲል ግን ቀስ ብላ መጥታ አናቱን ነካችው። ዓይኑ ቀለም ቀየረ። ከዚያ በኋላ ማን ያስለቅቃት!

እማየ እንደ እንግዳ ልጅ ተቀበለችው። እጁን ሲዘረጋላት ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋልህ? ደህና ነህ? እናት አባትህ ደህና ናቸው?» አለችው። በእንግሊዝኛ መለሰላት። ደግማ ጠየቀችው። አሁንም እንግሊዝኛ። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። በአማርኛ የተቀዳ ድምፅ ቢጫንበት እኮ ያሰማል። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ፣ አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ የሶፍትዌር ድርጅት ልጆች በሶፍትዌሯ ላይ እንደሠሩ ሰምተናል። ሰው አለን። «እንቆቅልህ» የሚል ሮቦት ለባሕር ዳር ልጅ ማዘጋጀት አያቅትም።

ጭፈራውን ወደውታል። ግን እስክስታ ካላሳየን አሉት። ክንዱን ያነሳል፣ ይጥላል እንጂ ትከሻው አይመታም። ጎጃም መጥቶ ያለ ትከሻ! ከበውት ያስተምሩት ጀመር። ለእኔ የ200 ብሩ ዋጋ እዚህ ላይ ወጣ።

ምንጣፉ ወፍራም ነው፤ እግሩን ያዘውና በፊቱ ተደፋ። «እኔን!» ብላ እማየ ከወንበሯ ተነሳች። ቤቱ ጸጥ አለ። በእጁ ተደግፎ ራሱ ሲነሳ ጭብጨባው ቀለጠ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ልጅ ሆን ብሎ ገፋው። ሌሎቹ «ምን አደረገህ?» ብለው ተቆጡት፤ የእኔውም አብሮ። ቤት ሲሆን መኪናውን ከግድግዳ ሲያጋጭ የሚውል ልጅ ነው። ዓይን ዓይናቸውን ስለሚያይ ይመስለኛል የሚያሳዝናቸው።

ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ከሰዓት ወረፋ አለ፤ ጠዋት ሂዱ። ባለቤቶቹ ምንጣፉን ቢቀይሩት ጥሩ ነው። ትልቅ ሰውም ይዛችሁ ሂዱ። እማየ ከሞጣ በደወለች ቁጥር «ያ ልጅ አማርኛ ለመደ?» ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ።