ጋቢ በቡና ገለፈት ሲደርቅ፦ የአንድ ሐዋሳ ላውንደሪ አገልግሎት

ነሐሴ ላይ ሐዋሳ ውስጥ ጋቢ ያጠበ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል የተሰጣው ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲመጣ ይነሣል፣ በማግስቱ እንደገና ይሰጣል፣ በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ደርቆ መሐሉ እንደረጠበ መሽተት ይጀምራል። አቶቴ አካባቢ የልብስ ማድረቂያውን በቡና ገለፈት የሚያሞቅ አነስተኛ ላውንደሪ እንዳለ ስሰማ ሁለት ጋቢ፣ አራት አንሶላና ጥቂት ሸሚዞች ይዤ ሄድኩ፤ በአንድ ወር ውስጥም ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሥራውን በቅርብ ተመልክቻለሁ።

በመጀመሪያ የጠየቅሁት መብራት እያለ እሳት ለምን እንዳስፈለገ ነበር። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ መልሳቸውም አጭር ነበር፦ «መስመሩ አይችለውም፣ ልጄ።» ነገሩ እውነት ነው። 15 ኪሎ ያህል ልብስ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ለማሞቂያው ብቻ 20 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህን የሚሸከመው ለከባድ ማሽኖች የሚዘረጋው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር እንጂ ተራ የመኖሪያ ቤት መስመር አይደለም። ልብሱ የሚገላበጥበትን ከበሮ የሚያዞረው ሞተርና አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ ግን አንድ ላይ ሆነው የዚያን ጥቂት እጅ ብቻ ስለሚወስዱ፣ ሙቀቱ ከምድጃ ከመጣ ቀሪውን ሥራ መደበኛው መስመር ወይም ትንሽ ጄኔሬተር ይወጣዋል።

በእሳት ልብስ ማድረቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 አካባቢ ፖሾን የተባለ ፈረንሳዊ የተበሳ የብረት ከበሮ ከእሳት በላይ በእጅ እያዞረ ልብስ ያደርቅ ነበር፤ ልብሱ ግን ጭስ ጭስ ይሸት፣ ጥላሸትም ይይዘው ነበር። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው። እኛ ቅልን በወይራ እናጥናለን፤ ያ ጢስ ተፈልጎና ተመርጦ የሚገባ ነው፤ የነዳጅ ጭስ ያረፈበትን አንሶላ ግን ማንም አይፈልግም። በዚህ ቤት ጭሱና ልብሱ ፈጽሞ አይገናኙም፦ እሳቱ የሚነድደው በተዘጋ የብረት ምድጃ ውስጥ ነው፣ ጭሱ በቱቦዎች ውስጥ አልፎ በጣሪያ ይወጣል፣ ንጹሑ አየር ደግሞ በቱቦዎቹ ውጭ እየተዟዟረ ሙቀቱን ብቻ ተቀብሎ ወደ ከበሮው ይገባል። ሦስቱንም ጊዜ ጋቢዎቼን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሽትቻለሁ፤ ከሳሙና በቀር የሸተተኝ ነገር የለም።

ስለ ነዳጁ ጥቂት ልበል፤ ቤቱን ከሌላው የሚለየው እርሱ ነውና። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ በፀሐይ የደረቀ የቡና ፍሬ፣ ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ተከምሮ ይበሰብሳል። በደንብ የደረቀ አንድ ኪሎ ገለፈት ሲነድድ ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። 6 ኪሎ የጥጥ ልብስ ከመጭመቂያ ማሽን ሲወጣ 3 ኪሎ ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ይህን ውሃ ለማትነን ብቻ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በምድጃውና በጭስ ማውጫው የሚባክነው ሲታከልበት አንድ ዙር ወደ ሁለት ኪሎ ገለፈት ሲበላ ተመልክቻለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ቀላል ምድጃ መጥፎ ውጤት አይደለም። ጣጣው አመዱ ላይ ነው። የቡና ገለፈት አመድ ፖታሲየም ስለሚበዛበት በከፍተኛ ሙቀት ይቀልጥና በፍርግርጉ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ስለዚህ አንድ ወጣት በየጊዜው በብረት ይጭረዋል። ገለፈት ሲያጥር ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚመጣ ሰጋቱራ ይጨምራሉ፤ በሙጫ ከተጠፈጠፈ ጣውላ የወጣውን ግን ጭሱ ጎጂ በመሆኑ አይቀበሉም፣ በዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ትልቁ ጉድለት ደኅንነትን ይነካል። የኤሌክትሪክ ማድረቂያ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱም ከበሮውም አብረው ይቆማሉ፤ እዚህ ግን ከበሮው ሲቆም እሳቱ መንደዱን ይቀጥላል፣ የቆመው ልብስም በሙቅ አየር መሐል ይቀራል። ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ ክር በቀላሉ የሚቀጣጠል መሆኑ ሲታሰብ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በሁለተኛው ጉብኝቴ መብራት ሲቋረጥ ወጣቱ ሮጦ በእጁ የሚዞረውን ክዳን በመክፈት ሙቅ አየሩን ወደ ውጭ አሳለፈው፤ በፍጥነቱ ተደንቄያለሁ። ሆኖም የቤቱ ደኅንነት በአንድ ሰው ቅልጥፍና ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ኃይል ሲቋረጥ በራሱ ክብደት የሚከፈት ክዳን ሊሠራለት ይገባል፣ የክር ማጥለያውም ከየዙሩ በኋላ መጠረግ አለበት።

ሌላው የሙቀት መለኪያ አለመኖሩ ነው። ጥጥ 70 ዲግሪ ቢደርስበት ይችላል፤ ፖሊስተርና ናይለን ግን ከዚያ ያነሰ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ እሳት ደግሞ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በቅጽበት አይታዘዝም። ከሸሚዞቼ አንዱ ፖሊስተር ነበር፤ በካውያም የማይቃና ጭምድድ ይዞ ተመለሰ። ቅሬታዬን ሳቀርብ ባለቤቷ ያለ ክርክር የአጠባውን ዋጋ መለሱልኝ፤ ከዚያ ወዲህም ሰው ሠራሽ ልብስ ለብቻው እየተለየ በጥላ ሥር ይሰጣል።

ለጋቢ፣ ለአንሶላ፣ ለፎጣና ለብርድ ልብስ ይህን ቤት ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ጠዋት ያስረከብሁት ጋቢ ከሰዓት በኋላ ከነሙቀቱ ተመልሶልኛል። ምድጃው በቀን አንድ ጊዜ፣ በማለዳ ስለሚለኮስና ገለፈቱ ከቀትር በኋላ ስለማይጨመርበት፣ ልብሱን ከአራት ሰዓት በፊት ማድረስ ያስፈልጋል።