«ቋሚ እናደርግሃለን» የሚለውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በጎንደር ከተማ በኮምፒውተርና በኔትወርክ ሙያ በኮንትራት ለምትሠሩ ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰሞኑን «ቋሚ ልትሆኑ ነው» ተብላችሁ አዲስ ወረቀት ለተሰጣችሁ ነው። እኔ ያንን ወረቀት በደስታ ፈርሜያለሁ። ማታ ለእናቴ ስነግራት እልል ብላ ጎረቤት ጠራች፤ ቡና ተፈላ፤ ተመረቅሁ። በሃምሳ ሁለተኛው የሥራ ቀን «ለሥራው ብቁ ሆኖ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ስቀጠር ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ድንገት ለቅቆ ነበር። ሰርቨሩም፣ የቅርንጫፎቹ ኔትወርክም፣ የገንዘብ ተቀባዮቹ ኮምፒውተርም በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቁ። ውሉ የሦስት ወር ነበር። ሥራ አስኪያጁ «አይዞህ ልጄ፣ ይህ ለደንቡ ያህል ነው፤ ሦስት ወር ሞልቶህ ቋሚ ትሆናለህ» አሉኝ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ አምስት ቀን ቤት ተቀመጥ ተባልሁ፤ በስድስተኛው ቀን ሌላ የሦስት ወር ውል ቀረበልኝ። እንዲህ እየተባለ ሰባት ውል ፈረምሁ። በእነዚያ አምስት አምስት ቀናት ስልኬ አያርፍም ነበር። ማተሚያው እንቢ ሲል፣ መስመሩ ሲቋረጥ፣ ያለ አንዳች ክፍያ ከአዘዞ ተሳፍሬ እየመጣሁ አስተካክል ነበር። ቋሚ እንድሆን ስለምፈልግ እምቢ ማለት ያስፈራኝ ነበር፤ እነሱም ይህን ያውቁ ነበር።

ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀር ያ የተጠበቀው ወረቀት መጣ። ደመወዙ በመጠኑ ከፍ ብሏል፤ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ብቻ ነበር። ከሥሩ ግን በትንንሽ ፊደል ሦስት ነገር ተጽፏል፦ የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የአገልግሎት ዘመኔ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል፤ እስከዚያ ቀን ለሠራሁት ሥራ ምንም ዓይነት የክፍያም ሆነ የመብት ጥያቄ የለኝም። ወዳጆቼ፣ ቋሚነት ተብሎ የተሰጠኝ ነገር ሁለቱን ዓመት በራሴ ፊርማ የማጥፋት ውል ነበር።

ሕጉን ያነበብሁት ከተባረርሁ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ አንብቡት፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። የሥራ ውል በመሠረቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፦ በፈቃድ ወይም በሕመም ለጊዜው የቀረን ሰው ለመተካት፣ ሥራ ከተለመደው በላይ ሲበዛ፣ አንድ የተለየ ሥራ ለማስጨረስ፣ ይህን የመሰሉ ናቸው። እናም አንድ ሆቴል የካሜራና የኔትወርክ ገመድ ለማዘርጋት ለሁለት ወር ቢቀጥራችሁ ምንም በደል የለበትም። በየዕለቱ የሚያስፈልግ፣ ድርጅቱ ካለ የሚኖር ሥራ ግን ሌላ ነው። የእኔን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካውም እዚያው አለ፦ ቋሚ ሠራተኛ በድንገት ለቅቆ በጊዜያዊነት የሚደረግ ቅጥር ከ45 ተከታታይ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ የሚደረገውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ሰባት ጊዜ ፈርሜያለሁ።

የሙከራውም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ሠራተኛ በዚያው አሠሪ፣ ለዚያው ሥራ እንደገና ቢቀጠር ለሙከራ አይቀጠርም ይላል አዋጁ። ሁለት ዓመት ያንኑ ሰርቨር የጠበቀ ሰው ስለ ምኑ ይሞከራል? «ጥያቄ የለኝም» ስለሚለው ፊርማም፣ ውል በስምምነት ሲቋረጥ እንኳን ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት መተዉ ሕጋዊ ውጤት እንደሌለው ተጽፏል። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው፤ እኔ አንድም ቀን አልወጣሁም። የጡረታ መዋጮም ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ከሌለ ዛሬውኑ ጠይቁ።

አሁንም ድረስ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ደብዳቤው የደረሰኝ በታኅሣሥ መጀመሪያ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ላናግር ብሄድ «ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፣ ጥምቀት ይለፍና እናየዋለን» አሉኝ። ጥምቀት አለፈ። «ጾሙ ይግባ» አሉኝ፤ ገባ። «እንግዲህ ለፋሲካ ምን ቀረው» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸውና አክብሬ ጠበቅሁ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ግን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ አይታይም። ሚያዝያ ላይ የሕግ ባለሙያ ሳማክር የእኔ ሦስት ወር ካለፈ ቆይቶ ነበር። የቀረኝ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለእሱም ከሥራ መቋረጥ የሚነሣ ክፍያ የሚጠየቀው በስድስት ወር ውስጥ ስለሆነ እየተሯሯጥሁ ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ ባውቅ ኖሮ ታኅሣሥ ላይ እከስስ ነበር፤ ገንዘብ የለኝም ብዬ ነበር የፈራሁት።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ በር ተይዟል። የሰጡት ውል «የአገልግሎት ውል» ይላል፤ የንግድ ፈቃድም አውጣ ተብሏል። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም፤ ስሙ የተቀየረው ለዚህ ነው። እሱ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ይፈርማል፤ የሚሠራው በድርጅቱ ዕቃ ነው፤ ለመቅረት አለቃ ያስፈቅዳል፤ ይህ የተቀጣሪ እንጂ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ኑሮ አይደለም። እንዲህ ያለ ውል የቀረበላችሁ ይህን ሳታስረዱና ሳትከራከሩ አትፈርሙ።

ወረቀቱ አሁን በእጃችሁ ከሆነ «ነገ እመልሳለሁ» ብላችሁ ውሰዱት፤ ለአንድ ቀን የማያስወስድ አሠሪ የሚደብቀው ነገር አለው። የቀድሞ ውሎቻችሁን ሁሉ ኮፒ አድርጉ፤ ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ አውጡ። የሥራ ዓይነታችሁን፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በሥራ ላይ እያላችሁም በጠየቃችሁ ጊዜ ያለ ክፍያ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ እኔ በደኅናው ቀን ስላልጠየቅሁ ዛሬ ደጅ እጠናለሁ።

የመጨረሻው ለሙያችን ሰዎች ብቻ ነው። ስትባረሩ የይለፍ ቃሉ ሁሉ በእጃችሁ ይሆናል፤ ንዴትም ይኖራል። እኔም አንድ ሌሊት ተፈትኛለሁ። ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ተበዳይ ሆናችሁ ሳለ ተከሳሽ ያደርጋችኋል። የይለፍ ቃሉን በዝርዝር ጽፋችሁ፣ ተቀባዩን አስፈርማችሁ አስረክቡ፤ አንዱን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። እኔ ከስንብት ደብዳቤው ሌላ ከዚያ ድርጅት ማኅተም ያረፈበት ይዤ የወጣሁት ሰነድ ያ የርክክብ ወረቀትና ሰባቱ ውሎች ናቸው፤ አሁን የሕግ ባለሙያው የሚሠራውም በእነሱ ነው።