እናቴን በትክክል ላዳመጠችልን ሲስተር

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። እናቴ ከኬሞ በኋላ እግሯና እጇ ላይ የቀረባት የነርቭ ህመም አለ፣ ሌሊት ሌሊት እንደ እሳት ያቃጥላታል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ ካናቢስ የሚለውን ቃል ስናነሳ በዚህ እድሜሽ ሱስ ልትጀምሪ ነው ወይ ብሎ አሸማቀቃት። ሌላው ደግሞ የካናቢስ ዘይት በውድ ሸጠልንና ካልሰራ ጠብታውን ጨምሩ አለን፣ ጨመርን፣ አዞራትና መታጠቢያ ቤት ወደቀች። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን እንደምትወስድ እንኳን የጠየቀን አልነበረም!

ይቺ ሲስተር ግን ገና ቁጭ ሳንል የጠየቀችው እሱን ነው። ዘይቱ ውስጥ ያለው ሲቢዲ የሚባለው ንጥረ ነገር ዋርፋሪኑን ሊያጠነክረው ይችላል ብላ ደሟን በየጊዜው አስመረመረቻት። ከዛ ለሷ ብቻ የሚሰራ ሙከራ ጀመሩላት፣ የአንድ ሰው ሙከራ ነው የሚሉት፣ በፈረንጆቹ 1986 የካናዳ ሐኪሞች ለአንድ የአስም ታማሚ ሰርተው የጻፉት ዘዴ ነው። ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ እውነተኛው ዘይት አንዱ መድኃኒት የሌለበት፣ ተራው በእጣ፣ ሦስት ዙር፣ የቱ የቱ እንደሆነ እናቴም ሲስተሯም አያውቁም፣ ፋርማሲስቱ ብቻ። ቲኤችሲ የሚባለው የካናቢሱ አፍዛዥ ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ በየመሃሉ እረፍት አለ።

ማታ ማታ ህመሟን ከ0 እስከ 10 መጻፍ ነበረባት። እናቴ ደግሞ እንዴት ነሽ ስትባል መልሷ አንድ ነው፣ ተመስገን። ሁሌ 3 ትጽፋለች። አንድ ማታ ሲስተሯ ደወለችና የእናቴን ድምጽ ስትሰማ «እማማ፣ ተመስገኑ ለፈጣሪ ይሁን፣ ቁጥሩን ግን ለኔ ይንገሩኝ። እኔን ደስ ይበላት ብለው አይቀንሱት፣ ካቃተዎትም ማቆም መብትዎ ነው፣ ማንም አይቀየምዎትም» አለቻት። እናቴ አለቀሰች፣ ከዛ 9 ነው ልጄ አለች። አብሬያት እየኖርኩ 9 እንደሆነ አላውቅም ነበር።

የጠርሙሶቹ ሚስጥር ሲፈታ ህመሙ ላይ ብዙም ልዩነት የለም፣ እንቅልፏ ግን በእውነተኛው ዘይት ሳምንታት በሌሊት ከ3 ሰዓት ወደ 6 ሰዓት ረዘመ፣ ሦስቱንም ዙር! ሲስተሯ ምንም አላጋነነችም፣ ህመሙን አያጠፋውም ብላ በግልጽ ነገረችን። አሁን ማታ ብቻ ትንሽ ትወስዳለች፣ ቀን ስትፈዝ መዋሉ ቀረላት። ቁጥሩን ግን እስካሁን መጻፍ አልተወችም፣ ትላንት 5 ብላለች፣ የምሯን 5።

ካናቢስ በሕክምና የሚፈቀድበት ያላችሁ፣ ጨምሩ ጨምሩ ብቻ የሚሏችሁ ከሆነ እባካችሁ የአንድ ሰው ሙከራ ጠይቁ፣ እምቢ ቢሏችሁም ሌላ ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሲስተርዬ፣ እናቴ ሌሊት ስትተኛ በሰማሁ ቁጥር እመርቅሻለሁ፣ ክፉ አይንካሽ።